ሦስተኛው ሰውዬ

«ሦስተኛ ወገን» የሚለውን ቃል የአዲስ አበባ ልጅ የሚያውቀው ከመኪና መስታወት ላይ ነው። ቦሎው አለ፣ አጠገቡ የሦስተኛ ወገን ስቲከር አለ፣ ትራፊኩ ያስቆማል፣ ያያል፣ ይለቃል (ወይም አይለቅም)። ግን ይሄ ሦስተኛ የተባለው ሰውዬ ማነው? አንደኛው ኢንሹራንስ የገባው ነው፣ ሁለተኛው ኩባንያው። ሦስተኛው ውሉ ሲፈረም ያልነበረ፣ ስሙም ያልተጻፈ፣ ጉዳቱ ግን እሱ ላይ የሚያርፍ ሰው ነው። ለኔ የውሉ ዋና ባለጉዳይ እሱ ነው። ሕግ ይህን ለመቀበል ግን ብዙ ተግደርድሯል።

እንግሊዝ አገር እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1928 የታተመ የሃሪንግተን ሞተር ኩባንያ መዝገብ አለ። አንድ ሰው በኩባንያው መኪና ይጎዳል፣ ይከሳል፣ ይረታል። ካሳው በእጁ ሳይገባ ኩባንያው ይከስራል። ኢንሹራንሱ ገንዘቡን ከፈለ፤ ለማን? ለከሰረው ኩባንያ ሒሳብ አጣሪ! ተጎጂው ይግባኝ ድረስ ተከራከረ፣ ተሸነፈ። ውሉ የሁለቱ ብቻ ነውና እሱ እንደማንኛውም ባለዕዳ-ጠያቂ ተራ መያዝ ነበረበት። በሌላ አነጋገር በእሱ አጥንት የመጣው ገንዘብ ለኩባንያው አበዳሪዎች ሁሉ ተከፋፈለ። እንዲህ ያለው ፍርድ ስላሳፈረ ይመስለኛል፣ በ1930 ፓርላማው መብቱን ወደ ተጎጂው የሚያዞር ሕግ አወጣ። የመኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እዚያ አገር ግዴታ የሆነውም በዚያው ዓመት ነው።

ፈረንሳዮች ቀድመዋል። በ1913 ባወጡት ሕግ ከኢንሹራንሱ ገንዘብ ላይ ለተጎጂው ቅድሚያ ሰጡ። በ1930 ደግሞ ተጎጂው ካሳውን እስኪያገኝ ድረስ ኢንሹራንሱ ለሌላ ለማንም እንዳይከፍል ከለከሉ።

የፈረንሳይን ነገር ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕጋችንን ያረቀቁት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው፤ ኤስካራ ጀመረው፣ ሲሞት ዦፍሬ ጨረሰው። ስለ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም የኢንሹራንሱ መጽሐፍ አልተነካም።

በዚያው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ቁጥር 2031 ላይ፣ ሙያ ወይም የተለየ ሥራ የሚሠራ ሰው የሥራውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት ይናገራል። ልብ በሉ፣ ሐኪም ብቻ አላለም። ማሳጅ የሚሠራውም፣ ወጌሻውም፣ የዮጋ አሰልጣኟም እዚያ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ለነገሩ ከተማችን ራሷ የስፓ ልጅ አይደለች? እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸው ፍል ውሃው ነው።

እንግዲህ ኃላፊነቱ አለ። ከፋዩስ? ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ ሊበሰብስ፣ ሊቆረጥም ይችላል። ወጌሻውን ከሶ መርታት ይቻል ይሆናል፤ ግን ከኪሱ ምን ይገኛል? ለመኪናው ይህ ጥያቄ በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ኋላም በ799/2005 መልስ አግኝቷል። ገጭቶ ላመለጠ መኪና ተጎጂ ሳይቀር ፈንድ ተቋቁሟል። አዋጁ ግን የሚያወራው ስለ ጎማ ነው፣ ስለ እጅ አይደለም።

እንግሊዞች ከእጅ ሙያዎች ሁለቱን ለይተው በሕግ ያዟቸው። አጥንትና ጡንቻ በእጅ የሚያክሙትን ኦስቲዮፓቶች በ1993፣ አከርካሪ የሚያስተካክሉትን ካይሮፕራክተሮች በ1994። ማሳጅ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አልወጣለትም።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ሰው ብቅ አለ፤ አከራዩ። እዚያ ክፍል ተከራይታ ማሳጅ የምትሠራ ሴት አከራይዋ «ስሜን ኢንሹራንስሽ ላይ አስገቢ» ሊላት ይችላል፤ ኩባንያውም በአንድ ቅጽ ይጨምርላታል። አከራዩ መስጋቱ አያስገርምም። በ2009 ሴዶና፣ አሪዞና አጠገብ ጄምስ አርተር ሬይ የተባለ «ሕይወት ቀያሪ» አሰልጣኝ በተከራየው ግቢ ሰዎችን በጋለ ድንኳን ውስጥ ላብ ሲያስወጣ 3 ሰዎች ሞቱ። በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፣ 2 ዓመት ተፈረደበት።

እኔን የሚያበሳጨኝ ፍጥነቱ ነው። ባለቤቱ በአንድ ቅጽ ወደ ውሉ ገባ። ተጎጂው ግን ሕግ እስኪወጣለት ተሰልፎ ቆየ። ሁለቱም «ሦስተኛ» ይባላሉ፣ ግን አንዱ የሚገባው እንዳይከፍል ነው፣ ሌላው እንዲከፈለው። «ሽፋኑን ለሦስተኛ ወገን አስፍተናል» የሚል ስፓ ካጋጠማችሁ የቱን እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላም አለ። ብዙ የኃላፊነት ኢንሹራንስ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራቶ ለወደቀ ደንበኛ ይከፍላል እንጂ አልጋው ላይ ተኝቶ አንገቱ ለተጣመመው አይከፍልም፤ የሙያ ስህተት የተለየ ሽፋን ይፈልጋልና። እንግሊዝ በ2010 ያወጣችውና በ2016 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ያደረሰበት ሰው ሲከስር ተጎጂው በቀጥታ ኢንሹራንሱን እንዲከስ ብቻ አይደለም የፈቀደለት፤ ፖሊሲው ምን እንደሚሸፍን የመጠየቅ መብትም ሰጥቶታል። ከሃሪንግተን መዝገብ 80 ዓመት ያህል ቆይቶ።