ጀልዴሳ፤ ጭነት ይለወጥባት የነበረች ኬላ

አንባቢ ሆይ፤ የዓመት ፈቃድዎን ተቀብለው ብዙ ቀን የሚፈጅ መንገድ ለመሄድ ያሰቡ እንደ ሆነ፥ አስቀድመው ካርታ ይዘረጋሉ፤ የሚያድሩበትን ከተማ ይመርጣሉ፤ የሚያወጡትን ገንዘብ ያሰላሉ። መንገዱ በአውሮፓ ከሆነም፥ በአንዱ መንግሥት ቁርስ በልቶ በሌላው መንግሥት ራት መብላት ዛሬ የተለመደ ነገር ነው። ይህ ምቾት ግን ለሰው ልጅ የተሰጠው በቅርብ ጊዜ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በእኛው አገር፥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐረር ለመግባት የሚሻ ሰው፥ 300 ኪሎ ሜትር ለሚያህል መንገድ ምን ያህል ያስብና ይሰናዳ እንደ ነበረ ለማወቅ የፈለግን እንደ ሆነ፥ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር የምትገኘው ጀልዴሳ ብዙ ታስተምረናለች።

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ የሐረር ደጋ ወደ ቆላው በሚወርድበት ግርጌ ትገኛለች። ከዘይላ ወደብ የተነሣው ቅፍለት በረሓውን የሚያቋርጠው በግመል ነበር። ግመል በሜዳና በአሸዋ ላይ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን የሚጓዝ ታጋሽ እንስሳ ቢሆንም፥ ድንጋያማውን ዳገት ጭኖ መውጣት ያስቸግረዋል። ስለዚህ ጭነቱ በጀልዴሳ ከግመል ይወርድና ለበቅሎና ለአህያ ይሰጣል። ከሐረር የሚወርደው ቡና፥ ቆዳና የዝሆን ጥርስም እንዲሁ በጀልዴሳ ወደ ግመል ይዛወራል። ግመሉን የሚነዳው ሶማሌ፥ አህያውን የሚነዳው ደግሞ ኦሮሞ ነበርና፥ ጀልዴሳ ቆላና ደጋ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሕዝብም የሚገናኙባት ስፍራ ነበረች። ኬላ የተተከለባት፥ ገበያም የቆመባት ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ራስዎን በዚያ ዘመን በዘይላ እንደ ቆመ መንገደኛ አድርገው ይቁጠሩ። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ አባን ነው። አባን ማለት ከሚያልፉበት ነገድ ወገን የሆነ፥ በመንገዱም ላይ ለነፍስዎና ለንብረትዎ ዋስ የሚሆን ሰው ነው። ያለ እርሱ የኢሳን ምድር ማለፍ ራስን ለአደጋ መስጠት ነበር። ቀጥሎ የግመሎቹን ኪራይ ይዋዋላሉ፤ ሩዝና ተምር ለስንቅ ያስጭናሉ፤ ለውሃ የሚሆን ስልቻ ያዘጋጃሉ፤ ለወጪ የሚሆን የማርትሬዛ ብር ይቋጥራሉ። የየዕለቱን ጉዞ የሚወስኑት እርስዎ አይደሉም፤ ከአንዱ ጕድጓድ ውሃ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ነው እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ግመሉን ከአቅሙ በላይ ጭኖ የሮጠ ነጋዴ ዕቃውን በረሓ ላይ ጥሎት ይቀራል።

ከስንቁና ከውሃው ይልቅ የሚከብደው ግን መንገዱ የማን እንደ ሆነ ማወቁ ነበር። በ1868 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1875) ራኡፍ ፓሻ የሚባለው የግብፅ ጦር አዛዥ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረርን ያዘ። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው ግብፆች ለቀው ሲወጡ፥ በሐረር አሚር አብዱላሂ ነገሠ፤ ዘይላን ግን እንግሊዞች ያዟት። ያን ጊዜ መንገደኛው ሲነሣ በአንድ መንግሥት ፈቃድ፥ ሲገባ በሌላው ፈቃድ፥ በመካከሉም በነገዶች ዋስትና የሚሄድ ሆነ። በ1878 ዓ.ም. (1886) ኮንት ፖርሮ የሚባል ኢጣልያዊ የመራው የተጓዦች ቡድን ከጀልዴሳ አቅራቢያ ተገደለ፤ አሚሩ አውሮፓውያንን እጅግ ይጠራጠር ነበርና። ፖርሮና ጓደኞቹ ያጡት ስንቅ አልነበረም፤ የባለ አገሩን ፈቃድ ነው። በታኅሣሥ ወር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ፥ ጀልዴሳ የኢትዮጵያ መንግሥት የቆላ በር ሆነች።

ይህች ትንሽ ስፍራ በታላላቅ መንግሥታት ወረቀት ላይ በስሟ እየተጠራች መጻፏ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። በ1880 ዓ.ም. (1888) እንግሊዝና ፈረንሳይ በባሕሩ ዳርቻ ወሰናቸውን ሲለዩ፥ ሐረርን ሁለቱም እንዳይዙ ተስማሙ፤ ከዘይላ በጀልዴሳ በኩል ወደ ሐረር የሚሄደውም የቅፍለት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለንግድ ክፍት ሆኖ እንዲኖር ተዋዋሉ። ሐረር በዚያን ጊዜ በንጉሥ ምኒልክ እጅ መሆኗን ስናስብ፥ የሌላውን ሰው በር ክፍት ይሁን ብሎ መዋዋል ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ። ከዓድዋ ድል በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሬኔል ሮድ የሚባለው የእንግሊዝ መልክተኛ በዚሁ በዘይላ መንገድ አዲስ አበባ ገብቶ፥ ግንቦት 7 ቀን 1889 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። ስለ ጀልዴሳ መንገድ ክፍትነት ያን ጊዜ የተጻፈው አንቀጽ በባለ አገሩ ፈቃድ የቆመ ነበር።

ውል ግን መንገዱን ይከፍታል እንጂ አያለሰልሰውም። አርቱር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ ቅኔውን ትቶ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር፥ በ1883 ዓ.ም. (1891) ጕልበቱ አብጦ መቆም ተሳነው። ቅፍለት ለማሰናዳት የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ነበርና፥ በሸራ የተሸፈነ ቃሬዛ አሠርቶ፥ 16 ተሸካሚዎች ቀጥሮ፥ በመጋቢት ወር መጨረሻ ከሐረር ወጣ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጀልዴሳ ደረሰ። ከዚያ እስከ ዘይላ ያለው በረሓ ግን ልምዱን አላከበረለትም። ለእህቱ እንደ ጻፈላት፥ ከቅፍለቱ ተለይቶ ሳለ ዝናብ አግኝቶት፥ መጠለያ በሌለበት 16 ሰዓት ሙሉ መንቀሳቀስ ሳይችል ተኝቶ ተደበደበ። 12 ቀን ያህል ተጕዞ ዘይላ ገባ፤ በመርከብ ማርሴይ ደርሶ እግሩ ተቈረጠ፤ በኅዳር ወር 1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ።

ይህን ሥቃይ ሊያስቀር የመጣው ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራውም ከጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ሐረር ድረስ ሐዲድ ማውጣት ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኙት፥ ቆላውን ተከትለው ጀልዴሳን ወደ ጎን ትተው አለፉ። በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ባቡሩ ሲደርስ፥ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ጭነት የሚለወጠው ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ ሆነ። ከ20 ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም.፥ ራስ ተፈሪ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፥ ኢየሩሳሌምን፥ ግብፅን፥ ፈረንሳይን፥ ቤልጅግን፥ ስዊድንን፥ ኢጣልያን፥ እንግሊዝንና ግሪክን ጐብኝተው ከአራት ወር በላይ ቆይተው ተመለሱ። ራምቦ በቃሬዛ ያለፈውን በረሓ እርሳቸው በሐዲድ ላይ ተቀምጠው አለፉት።

ስለ ጀልዴሳ ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ይህ ነው። መንገዷን የዘጋ ጠላት አልተነሣም፤ ውሉንም ያፈረሰ መንግሥት አልነበረም። መንገዱ በወረቀት ላይ ክፍት እንደ ሆነ፥ የሚሄድበት ሰው ብቻ አነሰ። አባኑ፥ ግመል አከራዩ፥ በኬላው አጠገብ ስንቅ ሻጩ፥ እንጀራቸው ሁሉ ጭነት ከሚለወጥበት ስፍራ ጋር የተያያዘ ነበርና፥ ስፍራው ሲለወጥ የእነርሱም ነገር ተለወጠ። ድሬዳዋም ብትሆን ከዚህ ዕጣ ነጻ አልሆነችም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድና በሌላ ጣቢያ መጥቶ፥ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ ያደገችውን ከተማ ስለ ነገዋ እንድታስብ አድርጓታል።

አንባቢ ሆይ፤ ለራስዎ ጉዞ ሲሰናዱ የጀልዴሳ መንገደኛ የሚያውቀውን ሦስት ነገር አይርሱ፤ ይኸውም ውሃው የት እንደሚገኝ፥ ጭነቱ የት እንደሚለወጥ፥ ምድሪቱም የማን እንደ ሆነች ነው። ከእናንተ መካከል በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለሕዝብ መንገድ የሚያቅድ ቢኖር ደግሞ፥ አራተኛ ይጨምርበት። በካርታው ላይ መስመሩን ከማስመሩ አስቀድሞ፥ በአሮጌው መንገድ ዳር ማን ተቀምጦ መንገደኛ እንደሚጠብቅ ይጠይቅ።