በረዶና ባንዲራችን

እዚህ እኛ መቻራ በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ የቡና አበባ የሚያረግፍ መዓት ነው። አልፕስ ተራሮች ላይ ግን ፈረንጆች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ገንዘብ ከፍለው ለዕረፍት ይንሸራተቱበታል። ታዲያ ኢትዮጵያን ከዚህ ጨዋታ ጋር ማን አገናኛት?

ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ። ኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ትምህርት ቤት ሳለ ስኪ ተማረ። ካደገ በኋላ ለአገሩ ለመሰለፍ ወሰነ። ለዚህም የስኪ ፌዴሬሽኑን እንኳ ራሱ ማቋቋም ነበረበት። አዲስ አበባ በረዶ ስለሌለ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

የካቲት 1998 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ፣ በአልፕሷ መንደር ፕራጀላቶ 15 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይም 93ኛ ሆነ።

ከወርቅ በታች መቁጠር የማንወደው እኛ በ83ኛነቱ እንስቅ ይሆናል። የሚያሳዝነው ግን ቁጥሩ አይደለም። በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄዱት የክረምት ኦሎምፒኮች ባንዲራችንን የያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ሮቤል የከፈተውን በር ተከትሎት የገባ አልተገኘም።