ሚያዝያ 27፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ታሪክ



በሞያሌ የኬንያው ቀን መቁጠሪያ ሜይ 5 ሲል የእኛው ሚያዝያ 27 ይላል። ይህች ቀን በታሪካችን ሁለት ገጽታ አላት።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ከለቀቁ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ብዙ ወገኖቻችንም ድንበሩን ተሻግረው በኬንያ ተጠለሉ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ተመልሰው መናገሻቸው ገቡ። የሐዘኑ ቀን የድል ቀን ሆነ።

በሁለቱ ቀኖች መካከል ሞያሌም የራሷ ታሪክ አላት። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን የኬንያውን ሞያሌ ያዘ፤ ተከብበው የነበሩት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች በሌሊት ሾልከው ወጡ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከዚህ ተባረረ። ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ በኩል የዘመተው ሠራዊት ደግሞ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ደረሰ። ደርግ የድሉን በዓል ወደዚሁ ቀን አዛውሮት ነበር፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ግን ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

እኛ በሞያሌ የምንኖር ቀኑን ስናከብር፣ ከአርበኞቻችን ጋር በዚህ ግንባር የወደቁትን አፍሪካውያን ወታደሮችም እናስብ። ስደተኞቻችንን ያስጠለለች አገር ለነጻነታችንም መነሻ ሆናለችና። ይህንን ለልጆቻችን እናስተምር!