ልብ ሰቀላ በአጭር ልብ ወለድ ታሪክ

የአጭር ልብ ወለድ ደራሲ የአንባቢውን ልብ የሚሰቅለው የታሪኩን መጨረሻ በመደበቅ ነው የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ አለ። የዚህ ጥበብ ታሪክ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ያስረዳል።

አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1842 (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የናታንኤል ሆውቶርንን ታሪኮች ሲመረምር፣ አጭር ልብ ወለድ በአንድ ጊዜ ተነብቦ የሚያልቅ፣ እያንዳንዱም ቃል አስቀድሞ ለታሰበ አንድ ስሜት የሚያገለግል መሆን አለበት ሲል ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ያሳተመው «አሳባቂው ልብ» ይህንኑ ሐሳብ በሥራ ያሳያል። ተራኪው ሽማግሌውን ሊገድል እንደ ቈረጠ ገና ከመጀመሪያው ይነግረናል። ነገር ግን ሰባት ሌሊት በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ የሽማግሌውን ዓይን ተጨፍኖ ስላገኘው፣ ሳይገድለው ይመለሳል፤ የሚገድለው በስምንተኛው ሌሊት ነው። ስለዚህ አንባቢን የሚያስጨንቀው «ምን ይሆን?» ሳይሆን «መቼ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በ1882 ፍራንክ ስቶክተን ሌላ መንገድ ያዘ። «እመቤቲቱ ወይስ ነብሩ?» በተባለው ታሪኩ ከአንዱ በር በስተ ኋላ ቈንጆ ሴት፣ ከሌላው ነብር አለ። ወጣቱ የምትወደው ልዕልት ያመለከተችውን በር ይከፍታል፤ የወጣው ማን እንደ ሆነ ግን ደራሲው ሳይናገር ፍርዱን ለአንባቢው ተወው።

እንግዲህ ልብ ሰቀላ የሚመነጨው ከምስጢር ብዛት ሳይሆን፣ ደራሲው ለአንባቢው ዕውቀትን ከሚመጥንበት ልክ ነው። ፖ አስቀድሞ ነግሮ ጊዜውን ያዘገያል፤ ስቶክተን ሁሉን አዘጋጅቶ የመጨረሻዋን ቃል ይነፍጋል። በአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰውም መጨረሻውን ከመደበቁ በፊት፣ አንባቢው ምን ማወቅ እንዳለበትና መቼ ማወቅ እንዳለበት ቢያስብ ይበጀዋል።