ሁለቱ የዑመር ፈረሶች

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

 

ከአንድ ወንድማችን አጭር ደብዳቤ ደርሶናል። ወንድማችን በጋሪ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ነው። ፈረሱ ሞቶበት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ሰው ከገበያው ዋጋ በግማሽ የሚሸጥለት ፈረስ አቀረበለት። ፈረሱ ግን የቀኝ የፊት እግሩን ያነክሳል፤ ትከሻው ላይም ቁስል አለበት። ሻጩ «ድካም ነው፤ ሳምንት ቢያርፍ ይተወዋል» ይላል። ወንድማችን በእጁ ያለው ገንዘብ ይኸው ብቻ ነው። «ልግዛው ወይስ ልተወው? ዲናችንስ ምን ይላል?» ሲል ይጠይቀናል።

ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ አለ፤ የአንድ ምላስ የሌለው ፍጡር ሕይወትም አለ። ደግሞም አዲስ ጥያቄ አይደለም። ቀደምቶቻችን በመዲናም ሆነ በኩፋ ገበያ ተጨንቀውበታል፤ ተካሰውበታል፤ ፈርደውበታልም። ስለዚህ የዛሬው ዝግጅታችን መልሱን ከታሪክ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ፈረስ

በዚያ ዘመን የፈረስ ክብር ከፍ ያለ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዓዲያት እያለከለኩ በሚሮጡ ፈረሶች ምሏል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እስከ ቂያማ ቀን ድረስ በፈረስ ግንባር ላይ ኸይር እንደታሰረ መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በዚህ የተነሳ ፈረስን በአላህ መንገድ መስጠት ከታላላቅ ሶደቃዎች ይቆጠር ነበር።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) አንድ ጥሩ ፈረስ በአላህ መንገድ ለአንድ ሰው ሰጡ። ሰውየው ግን ፈረሱን በደንብ አልያዘውም፤ ችላ አለው። ፈረሱም ተጎዳ። ዑመር ይህን ባዩ ጊዜ መልሰው ሊገዙት አሰቡ። በዚህ ሁኔታው ባለቤቱ በርካሽ እንደሚለቀው ገምተው ነበር። ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያማክሩ፣ በአንድ ዲርሀም እንኳ ቢሰጣቸው እንዳይገዙት፣ በሰጡት ሶደቃም እንዳይመለሱ ከለከሏቸው። ይህ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ሐዲስ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ዑመር የተከለከሉት ፈረሱ የተጎሳቆለ ስለሆነ አይደለም፤ ሶደቃቸው ስለነበረ ነው። ስለዚህ የታመመ ወይም የደከመ እንስሳ መግዛት በራሱ ሀራም አይደለም። ሆኖም ሐዲሱ አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። ርካሽ ዋጋ ብቻውን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ዑመርን የሳባቸው ርካሽነቱ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ዋጋው ወደ አንድ ዲርሀም ቢወርድ እንኳ ፍርዱ እንደማይለወጥ ነገሯቸው። ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈረስ

ዓመታት አለፉ። ዑመር (ረ.ዐ) የሙእሚኖች መሪ ሆኑ (ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ ከ634 እስከ 644)። ታቢዒዩ ሻዕቢ እንዳስተላለፉት፣ ኸሊፋው ከአንድ ሰው ጋር በፈረስ ዋጋ ይነጋገሩ ነበር። ሊሞክሩት ወሰዱና አንድ ጋላቢ አስቀመጡበት። ፈረሱ በሙከራው ላይ ተጎዳ። ዑመር ፈረሱን ለባለቤቱ ሊመልሱ ፈለጉ፤ ሰውየው ግን አልቀበልም አለ። ኸሊፋው በሥልጣናቸው አልተጠቀሙም፤ የሚዳኘን ሰው እንምረጥ አሉ። ሰውየው ሹረይህን መረጠ።

ሹረይህ ሁለቱን ወገን ከሰሙ በኋላ በኸሊፋው ላይ ፈረዱ። ፈረሱን ጤነኛና ደህና አድርገው ስለወሰዱ፣ ጤነኛና ደህና አድርገው እስኪመልሱ ድረስ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው አሏቸው። ዑመር በተፈረደባቸው ፍርድ ተደሰቱ እንጂ አልተቆጡም። ሹረይህንም የኩፋ ቃዲ አድርገው ሾሟቸው። ሹረይህ በዚያ ወንበር ላይ ለአሥርተ ዓመታት ቆይተዋል።

የመጀመሪያው ፈረስ ከመግዛት በፊት ስላለው ሐሳብ ያስተምረናል። ሁለተኛው ደግሞ እጃችን ከገባ በኋላ ስላለው ኃላፊነት። ገዢ መብት እንዳለው ሁሉ ዕዳም አለበት። ልሞክረው ብሎ ወስዶ ያስነከሰ ሰው «ድሮም ያነክስ ነበር» ማለት አይችልም።

«ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ?»

አሁን ወደ ሻጩ እንምጣ። ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) የተባሉ ሶሐባ ነበሩ። አንድ ሰው ግመሉን በሦስት መቶ ዲርሀም ሲሸጥ እርሳቸው በአጠገቡ ነበሩ። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሄዶ ሳለ ገዢው ግመሏን ይዞ ሄደ። ነቃ ሲሉ ከኋላው ሮጠው ደረሱበትና ለሥጋ ነው የገዛሃት ወይስ ለጉዞ ብለው ጠየቁት። ለጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው፣ እግሯ ላይ ቀዳዳ ቁስል እንዳለና ረጅም መንገድ እንደማትችል ነገሩት። ገዢው ተመለሰ፤ ሻጩም መቶ ዲርሀም ቀነሰለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሹብኝ ብሎ ቢያማርር፣ ዋሲላ ለእያንዳንዱ ሙስሊም ቅን ሊሆኑ ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ነገሩት። ነውሩን ሳይናገሩ መሸጥም፣ ነውሩን የሚያውቅ ሰው ዝም ማለቱም እንደማይፈቀድ አስረዱት።

ውድ አድማጮቻችን! ዋሲላ ሻጭ አልነበሩም፤ ገዢም አልነበሩም። ቆመው የሚያዩ ሰው ነበሩ። ዛሬ በየከብት ገበያው ቆመን የምናይ ስንቶቻችን ነን? ገጣባው ጀርባ በኮርቻ ሲሸፈን እናያለን። የሚያነክሰው ፈረስ ገዢ ከመምጣቱ በፊት እግሩ እስኪሟሟቅ ሲነዳ እናያለን። «ምን አገባኝ» ብለን እናልፋለን።

ቅንነት ግን የሻጭ ግዴታ ብቻ አይደለም። የጀሪር ኢብኑ ዐብዱላህን (ረ.ዐ) ታሪክ ተመልከቱ። አገልጋያቸው አንድ ፈረስ በሦስት መቶ ተስማምቶ ባለቤቱን ገንዘቡን እንዲቀበል ወደ ጀሪር አመጣው። ጀሪር ፈረሱን ሲያዩ ከዋጋው በላይ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱን በአራት መቶ ትሸጥልኛለህ አሉት፤ ከዚያም መቶ መቶ እየጨመሩ እስከ ስምንት መቶ አደረሱለት። እርሳቸውም ምክንያታቸው ያው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የገቡት የቅንነት ቃል ነበር። ሻጩ ፈረሱ የማይድን መስሎት በርካሽ ሲለቅ፣ ገዢው ደግሞ ሰኮናው ውስጥ የገባች ጠጠር ብቻ መሆኗን ቢያውቅ፣ ዝም ብሎ መግዛት የጀሪር መንገድ አይደለም።

ዑለማዎችና ሐኪሞች

ከእነዚህ ታሪኮች በመነሳት የፊቅሂ ሊቃውንት ሕጉን አበጁ። ከሽያጭ በፊት የነበረና ገዢው ያላወቀው ነውር ከተገኘ፣ ገዢው የመመለስ መብት እንዳለው አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ። ነውሩን አውቆ የገዛ ግን በዚያ ነውር ምክንያት መመለስ አይችልም።

«ከማንኛውም ነውር ነፃ ነኝ» ብሎ የሚሸጥስ? ሐነፊዮች ገዢው ከተቀበለ ውሉን ያጸኑታል። ኢማሙ ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) ደግሞ እንስሳን ለይተው ያዩታል። እንስሳ በጤናውም በበሽታውም ጊዜ ይበላል፤ ተፈጥሮው ይለዋወጣል፤ ከስውር ወይም ከግልጽ ነውር የሚጠራው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሻጩ በማያውቀው የውስጥ ነውር አይጠየቅም፤ እያወቀ በደበቀው ግን ነፃ አይወጣም። ፈረስ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ የዚህን አስተዋይነት ይረዳል።

ሙስሊሞች በሕጉ ብቻ አላበቁም፤ በሕክምናውም ሠርተዋል። በኸሊፋው ሙዕተዲድ (እ.ኤ.አ ከ892 እስከ 902) የፈረስ ቤት ኃላፊ የነበሩት ኢብኑ አኺ ሒዛም ስለ ፈረሰኛነትና ስለ ፈረስ ሕክምና ጽፈዋል። በ1209 (እ.ኤ.አ) በባግዳድ በሥዕል ተደግፎ የተጻፈ የፈረስ ሕክምና መጽሐፍ ዛሬም በካይሮ ይገኛል። በግብፅ ሡልጣን ናሲር ሙሐመድ ዘመን ደግሞ አቡበክር ኢብኑ በድር «ናሲሪ» በሚል ስም የታወቀውን መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ይህም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ በፈረንሳይኛ ታትሟል። ገበያን የሚቆጣጠሩት ሙሕተሲቦች በሚመሩባቸው መጻሕፍት ውስጥም የእንስሳት ሐኪም ሥራ ማከም ብቻ አልነበረም። ሻጭና ገዢ በእንስሳ ነውር ሲጣሉ ሰዎች የሚሄዱት ወደ እርሱ ነበር።

ለወንድማችን መልሳችን

ወንድማችን ሆይ! ከዋጋው በፊት የዋሲላን ጥያቄ ራስህን ጠይቅ። ይህ ፈረስ ለምንህ ነው? አንተ የምትፈልገው ነገ ጠዋት ጋሪ ላይ ሊታሰር ነው። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። አንካሳ ፈረስ ግን ማድረሱም ያጠራጥራል።

ስለዚህ አስቀድመህ የእንስሳት ሐኪም አሳየው። የትከሻው ቁስል የጋሪ መፋተግ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ ቆዳን እያቆሰለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታመመ ከብት ከጤነኛው ጋር እንዳይቀላቀል ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ሌሎች ፈረሶች ወደሚውሉበት ማምጣት የጎረቤትህንም እንጀራ መንካት ነው።

ሐኪሙ ይድናል ካለ፣ ነውሩን በምስክር ፊት ተነጋገሩበት። በገበያ የሚታለል አንድ ሶሐባ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገበያይ «ማታለል የለም» እንዲል አስተማሩት፤ የሦስት ቀን ምርጫም እንደተሰጠው ተዘግቧል። አንተም የሦስት ቀን ምርጫ በውሉ ውስጥ አስገባ። ሕመሙ ሻጩ ከሚያስበው የቀለለ ሆኖ ካገኘኸውም ንገረው፤ ጀሪርን አስታውስ።

በመጨረሻም እስኪድን ድረስ ልታሳርፈውና ልትቀልበው ትችላለህን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ግመል አይተው፣ በእነዚህ መናገር በማይችሉ እንስሳት ጉዳይ አላህን እንድንፈራና ደህና ሆነው ሳሉ እንድንጋልባቸው ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። አሳርፈህ የምትቀልብበት ከሌለህ፣ ችግርህ በማግሥቱ አለንጋ ያስነሳሃል። ያኔ አንተም ትከስራለህ፣ ፈረሱም ይበደላል። እንዲህ ከሆነ ምክራችን ተወው ነው።

ለእናንተም ለጀመዓው አንድ ቃል አለን። ይህ ወንድማችን አንካሳ ፈረስ ፊት የቆመው ሌላ አማራጭ አጥቶ ነው። የጎደለውን ግማሽ ዋጋ በየመስጊዳችን፣ በየዕድራችን ተሰባስበን በቀርደል ሐሰን ብናበድረው ጤነኛ ፈረስ ይገዛል። ዑመር ጥሩ ፈረስ ሰጥተዋል፤ እኛ ግማሽ ፈረስ ማበደር ያቅተናል?

አላህ (ሱ.ወ) ገበያችንን የእውነተኞች ገበያ ያድርግልን፤ በሲሳያችንም በረካ ይጨምርልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።