የኤንትሬ ፍሬን

የመኪና ታሪካችን በተነሳ ቁጥር የሚወራው አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስላዩት አውቶሞቢል ነው። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ያ መኪና ግን ጤፍ አልጫነም። እህሉንም ጨውንም ያመላለሰው የጭነት መኪና ነው፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ፣ ብትታዘቡኝም፣ የፍሬን ታሪክ ነው። በዚህ ሁሉ ተራራ መሄድማ ማንም ይሄዳል፤ ጭንቁ መቆሙ ላይ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ኤንትሬን አይረሳም። ፊያት 682 ኤን 3 ነው ሙሉ ስሙ፤ "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። የ682 ዘር እንደ ፈረንጆቹ በ1952 ተጀመረ። መሪው በቀኝ ነው። በ1956 ዓ.ም. እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስንዛወር መሪው እዚያው ቀረና ገደሉ በቀኝ በሆነበት ሁሉ ሾፌሩ ከነነፍሱ ጫፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መንገዱንና የጋራዡን ቋንቋ ትቶልን ሄዷል፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቶርኖ። መለዋወጫው ግን በውጭ ምንዛሪ ነበር የሚመጣው፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ምንዛሪው የት ተገኝቶ!

አባቴ ኤንትሬ ይነዳ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ክረምት የኋላው ታምቡር ተሰነጠቀ። ሶማሌ ተራን ዞርን፣ የለም። ምናለሽ ተራ ከብረታ ብረቱ ክምር ውስጥ አንድ ያረጀ፣ ያልተሰነጠቀ አገኘንና እኔና ረዳቱ እያንከባለልን ቶርኖ ቤት አደረስነው። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት አስመራ ከጣሊያኖች ሥራ የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ለኩት፣ ዝም አሉ፣ እንደገና ለኩት።

"ይሄ ብረት አልቋል። ከዚህ በላይ ከላጥኩት ወረቀት ነው።"

"ጋሼ፣ ለአንድ ምልልስ ብቻ ይሥሩልኝ። ጎጃም ደርሼ ልመለስ።"

"እሺ፣ መውረዱን ትወርዳለህ። ማን ያቆምሃል?"

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ግስጋሴ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ታምቡሩ ነው። የሳሳ ታምቡር ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል። ሾፌሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ደግሞ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው።

ስለ ባለሙያዎቻችን ሲወራ "ከምንም ተነስተው ሁሉን ይሠራሉ" እንላለን። እኔ ይህን ሙገሳ እፈራዋለሁ። በየሰፈሩ ከተገኘው ብረት ታምቡር የሚልጥ፣ ከተገኘው ሸራ ቆርጦ በሪቬት የሚመታ ሞልቶ ነበር። ሸራው ራሱ አስቤስቶስ ነበረበት። ሲበሱት፣ በአየር ሲነፉት ነጭ አቧራ ይሞላል፤ እኔም እዚያው ቆሜ ስቤዋለሁ። ሳንባ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የነገረን አልነበረም።

ሽማግሌው ያንን ታምቡር አልሠራም አሉ። በምትኩ የሌላ መኪና ታምቡር፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ከራሳቸው ግቢ አወጡ። ውስጡን በልኩ አሰፉት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን እንደ አዲስ በሱ። አራት ቀን ፈጀ። ጭነቱን ለሌላ ሾፌር ሰጡበት፤ አባቴ በዚያ ወር የቤት ኪራይ ተበደረ፤ እሳቸውንም "ግትር ሽማግሌ" እያለ ሲረግም ከረመ።

በሚቀጥለው ጉዞ እኔም አብሬ ነበርኩ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ትንሽ እንደወጣን አባቴ አቆመ፣ ረዳቱ ታኮ አስገባ። አባቴ መዳፉን ወደ አዲሱ ታምቡር አስጠጋ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ አስጠጋ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ወንበሩ ወጣ። ተመልሰን አዲስ አበባ ስንገባ ግን በቀጥታ ወደ ቶርኖ ቤቱ ነዳ። ከደጀን ማር ገዝቶ ኖሯል።

አምቼ የፊያት መኪና ከውጭ በመጡ ክፍሎች እዚህ የሚገጣጥም ፋብሪካ ነበር። ሰው ቀልዶ ስሙን እዚህ ተወልደው ላደጉ ኤርትራውያን አወጣላቸው፤ የሽማግሌው ልጆችም አምቼ ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ አባትም ልጆችም በአንድ ሌሊት ተጭነው ሄዱ። ቶርኖው ተሸጠ፤ ማን እንደገዛው አባቴ ጠይቆ አላገኘም።

አልሠራም ያሉት ታምቡር ግን እናቴ ግቢ አለ። ተደፍቶ፣ የውሃ በርሜሏን ተሸክሞ።