የትራማዶል ሱስ፤ ሕክምናውን ከመጀመር ላለማቋረጥ ይከብዳል

ትራማዶል ሐኪም ለሕመም ማስታገሻነት የሚያዘው መድሃኒት ነው፡፡ ከሞርፊን፣ ከፔቲዲንና ከሄሮይን ጋር አንድ ወገን በመሆኑ ግን ሲዘወተር ሱስ ያስይዛል፡፡ የለመደው ሰው ሲያቆም አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ያልበዋል፣ ሆዱ ይታወካል፣ እንቅልፍ ያጣል፡፡ ይህ ሲያልፍ ቤተሰብ "ልጃችን ዳነ" ብሎ እፎይ ይላል፡፡ አደጋው የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ሰውነቱ የለመደውን መቋቋም ስላጣ፣ ወደ ድሮው መጠን ቢመለስ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፡፡

ታዲያ ሰውን በሕክምናው የሚያቆየው ምንድን ነው? የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምገማ፣ ሱሱን በሚያቆሙበት ወቅት ከመድሃኒቱ ጋር የምክርና የማኅበራዊ ድጋፍ ያገኙ ሰዎች ሕክምናቸውን የመጨረስ ዕድላቸው የተሻለ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ግምገማ ደግሞ፣ ሜታዶንና መሰል ምትክ መድሃኒቶችን ለረጅም ጊዜ በሚወስዱት ላይ ከተለመደው ምክር ሌላ የተለየ የሥነ ልቦና ሕክምና መጨመር ብዙም ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል፡፡ መድሃኒቱ ራሱ ይይዛቸዋል፡፡ ታንዛኒያ ሜታዶንን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኬንያ በ2014 ጀምረዋል፡፡ ይህ መድሃኒት በማይገኝበት ቦታ ሸክሙ በምክሩና በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል፡፡

ነገሩን ወደ ቃሊቲ እናምጣው፡፡ በቀን ሥራ የሚተዳደር የቃሊቲ ወጣት መርካቶ አካባቢ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ሲመላለስ፣ ታክሲ መቀያየሩ አንድ ነገር ሆኖ የዕለት ገቢውም ይቀርበታል፡፡ ሁለተኛውን ቀጠሮ የሚያስቀረው አንዳንዴ ሱሱ ሳይሆን ኪሱ ነው፡፡ ለዚህ ሰው የትራንስፖርት ሂሳብ መሸፈንም ድጋፍ ነው፤ ከምክር ያነሰ ተደርጎ መታየት የለበትም፡፡

በኤች አይ ቪ ሕክምና የተገኘው ልምድ እዚህም ይጠቅማል፡፡ መድሃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች እየተቀጠሩ ቀጠሮ ያለፈበትን ታካሚ በስልክና ቤቱ ድረስ በመሄድ ይፈልጉት ነበር፡፡ ለሱስ ታካሚም በቀረበት ዕለት "ምነው ቀረህ?" ብሎ የሚደውል አንድ የሚታወቅ ሰው ያስፈልገዋል፡፡

ቤተሰብም ድርሻ አለው፡፡ የታዘዘለትን መድሃኒት አስቀምጦ በሰዓቱ መስጠት፣ በቀጠሮው ቀን አብሮ መሄድ፣ ዳግም ሲወስድ ቢገኝም ከቤት ከማባረር ይልቅ በማግስቱ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው፡፡ ጸበል የሚወስዱትም ቢሆኑ መድሃኒቱን አያስቁሙት፡፡